የላቦራቶሪው (የላቡ) ጓዳ ውስጥ ያሉት የእንስሳት ናሙናዎች ሊወገዱ ነው፤ ምን ብዬ ልከራከር?

መምህርት ከሳቢያን | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከላቡ በስተጀርባ ጠባብ፣ መስኮት የሌላት ጓዳ አለች፤ ከድሮ ጀምሮ የተጠራቀሙ የእንስሳት ናሙናዎች ያሉባት። በጠርሙስ ውስጥ እባቦች፣ እስስቶች፣ የሌሊት ወፎችና እንቁራሪቶች አሉ። በመሳቢያ ውስጥ ጥጥ የተሞሉ የወፍ ቆዳዎች፣ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ደግሞ ገለባ ተሞልቶ የተሰፋ ቀበሮና አንድ የጅብ ራስ ቅል። ዘንድሮ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሲቆጥር ሁሉንም «አገልግሎት የማይሰጥ» ብሎ መዘገባቸው። ክፍሉ ለኮምፒውተር ይፈለጋል።

ርዕሰ መምህሩ ሰው ያዳምጣሉ። «ጥቅማቸውን በጽሑፍ አስረጂኝና ለኮሚቴው አቀርባለሁ» ብለውኛል። እኔ እንዲጣሉ አልፈልግም፤ ግን «ያሳዝናሉ» ከማለት ያለፈ ምክንያት መጻፍ አለብኝ። እንዲህ ያለ ነገር የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

የቀፊራ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡51

መምህርት፣ በቅንነት ልናገር። እኔ ኮምፒውተር ነው የምጠግነው። ያንቺ ተማሪዎች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው ኪቦርድ ነክተው የማያውቁ ብዙ ናቸው፤ ወደ ሱቄ ሲመጡ አያቸዋለሁ። አርባና ሃምሳ ዓመት ጠርሙስ ውስጥ የቆየ እባብ ለማን ይጠቅማል? ፎቶ አንሺው፣ ፎቶውን አስቀምጪ፣ ክፍሉን ለልጆቹ ስጪ። የእንስሳ ሥዕል እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።

ጓዳ ጠባቂ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡34

ልጄ፣ ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ከዚያች ክፍል አንድም ነገር እንዳይወጣ፣ አንድም ወረቀት ከእንስሳው እንዳይለይ አድርጊ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አዲስ አበባ ውስጥ በሙዚየም ክምችት ሥራ ነው፤ አሁን ሐረር ነው የምኖረው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሱኝ።

ሰው ሙዚየም ሲባል የሚታየው በመስታወት ውስጥ የቆመው አንበሳ ነው። እሱ ለእንግዳ የሚታየው ሳሎን ነው፤ ሥራው የሚሠራው ጓዳ ነው። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም 80 ሚሊዮን ገደማ ናሙናዎች አሉት፤ ጎብኚ የሚያየው ከመቶ አንዱን እንኳን አይሞላም። የእኛዋን ድንቅነሽን ውሰዱ። በብሔራዊ ሙዚየም ሕዝብ የሚያየው ቅጂዋን ነው፣ እውነተኛው አጥንት ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ተመራማሪ የሚመጣው ለዚያ ለተቆለፈው ነው።

በመሳቢያ ያሉት የወፍ ቆዳዎች የማያምሩት ለውበት ስላልተሠሩ ነው። በጀርባቸው ይተኛሉ፣ ክንፋቸው ከጎናቸው ይታጠፋል፣ በዓይናቸው ቦታ ነጭ ጥጥ ብቻ ነው፣ እግራቸው ተጣምሮ በክር ይታሰራል። ከዚያ ክር ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትንጠለጠላለች፦ የት፣ መቼ፣ ማን እንደያዘው፣ ወንድ ይሁን ሴት። ክምችት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ያቺን ወረቀት ነው።

ለምን እንደሆነ በአንድ ወፍ ላሳይ። ሩስፖሊ የሚባል የጣሊያን ልዑል በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገደለው። ከዕቃው መካከል አንድ ውብ ቱራኮ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት ማንም ሳይንቲስት አይቶት የማያውቅ። በ1896 እ.ኤ.አ. ስም ተሰጠው። ግን ከየት እንደተያዘ የሚናገር ጽሑፍ አልነበረም፣ ባለቤቱም ሞቷል። ወፉ በሕይወት ያለበት ቦታ እስኪታወቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጀ። ቆዳው እያለ፣ ስሙ እያለ፣ «የት» የምትል አንዲት መስመር ስለጠፋች ብቻ!

ስለዚህ ለኮሚቴው ከመጻፍሽ በፊት ንገሪኝ፦ ወረቀት አላቸው?

መምህርት ከሳቢያን | ረቡዕ፣ ቀን 7፡15

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ በምሳ ሰዓት ገብቼ አየሁ። የወፎቹ አብዛኞቹ አላቸው። አንዷ ላይ በእርሳስ «ኤረር ጎታ፣ 12 ሚያዝያ 59፣ ሴት፣ ከወንዙ ዳር ግራር ላይ» ይላል። ወረቀቷ የደብተር ሽፋን ተቆርጦ የተሠራ ይመስላል፤ ጠርዟን ነፍሳት ቆርጥመዋታል፣ ጽሑፉ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ቆዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው ደግሞ ፈዞ ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኗል።

ከጠርሙሶቹ አንዱ ውስጥ ትንንሽ እንቁራሪቶች ታጭቀውበታል። ወረቀቱ ከውጭ ሳይሆን ከፈሳሹ ውስጥ ነው የተከተተው፦ «ዓለማያ ሐይቅ፣ ሐምሌ 1961»። ሌሎቹ ጠርሙሶች ክዳናቸው ላይ ቁጥር ብቻ አለ፤ የቁጥሩ መዝገብ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ሐኪም ከሐረማያ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡05

የዓለማያ ሐይቅ ነው ያልሽው? መምህርት፣ ያንን ጠርሙስ አደራ!

ይህን ክር የሚያነቡ ወጣቶች ላያውቁት ይችላሉ፤ ዛሬ ሐረማያ የሚባለው ይህ ሐይቅ የሐረርን ከተማ ውሃ የሚያጠጣ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ደረቀ፤ አልጋው ላይ ከብት ይሰማራ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አሁን በውሃው ዳር የሚጮኹት እንቁራሪቶች ያኔ ከነበሩት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ ሌላ ቦታ ካሉት መጥተው የሰፈሩ? ያኔ የነበረውን ማንም በቃሉ ሊነግረን አይችልም። ያ ጠርሙስ ግን ይነግረናል።

ሌላም አለ። በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን የጨረሰ ኪትሪድ የሚባል የቆዳ ፈንገስ አለ። ተመራማሪዎች በሽታው መቼ እንደገባ ያጣሩት የድሮ ጠርሙሶችን ከፍተው የእንቁራሪቶቹን ቆዳ በማየት ነው። በደቡብ አፍሪካ በ1938 እ.ኤ.አ. በተያዘ እንቁራሪት ላይ አግኝተውታል። አሜሪካ ውስጥም በ1993 እ.ኤ.አ. ሰው የገደለ የሐንታ ቫይረስ ድንገት ሲነሳ፣ ሙዚየም ውስጥ ቀዝቅዞ የተቀመጠ የአይጥ ሥጋ ተመርምሮ ቫይረሱ ከዚያ በፊትም እንደነበረ ታወቀ። እነዚያን አይጦች ያስቀመጣቸው ሰው ስለ ሐንታ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

የቀፊራ ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡40

ይህን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ ዶክተር። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። ወረቀቱም እንስሳውም ፎቶ ቢነሱ ያው መረጃ አይቀመጥም? ቦታ የሚይዘው ጠርሙሱ ነው እንጂ መረጃው አይደለም።

ጓዳ ጠባቂ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ኮሚቴውም ይህንኑ መጠየቁ አይቀርም። ፎቶ የሚመልሰው ፎቶ አንሺው ያሰበውን ጥያቄ ብቻ ነው። ዕቃው ግን ገና ያልታሰበውንም ይመልሳል።

እንግሊዝ አገር በ1950ዎቹና 60ዎቹ እ.ኤ.አ. ፔሪግሪን የሚባለው ጭልፊት ቁጥሩ አሽቆለቆለ፣ እንቁላሉም ጎጆው ውስጥ ይሰበር ጀመር። ራትክሊፍ የሚባል ተመራማሪ ሙዚየምና ሰብሳቢዎች ዘንድ የተቀመጡ የድሮ እንቁላል ቅርፊቶችን እየለካና እየመዘነ አወዳደረ። ከ1947 ገደማ ወዲህ ያሉት ሳስተው ተገኙ። ያ ጊዜ ዲዲቲ በእርሻ ላይ መረጨት የጀመረበት ነው። ግኝቱ በ1967 ታተመ፤ አሜሪካ በ1972 ዲዲቲን ለእርሻ ከለከለች። የቀደሙትን እንቁላሎች የሰበሰቡት ሰዎች ዲዲቲ ለነፍሳት ማጥፊያ ከመዋሉ በፊት የነበሩ ናቸው። ፎቶ ብቻ ቢኖር ኖሮ የቅርፊቱን ውፍረት ከየት ያመጡት ነበር? እኛም አገር የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ዲዲቲ ቤት ለቤት ሲረጩ የሚያስታውስ ብዙ ነው። የዚያን ዘመን የድሬዳዋ ወፍ ላባና ቆዳ ያለው ማን ነው? ምናልባት የመምህርቷ መሳቢያ ነው።

ኳጋ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የሜዳ አህያ ዝርያ የመጨረሻው በ1883 እ.ኤ.አ. ሞተ። በ1984 ግን 140 ዓመት ከቆየ የሙዚየም ቆዳ ላይ በተገኘ ደረቅ ሥጋ ዲኤንኤው ተነበበ። ከጠፋ እንስሳ ዲኤንኤ ሲነበብ ያ የመጀመሪያው ነው።

ከእኛው አገር ደግሞ የነጭ ሳሩን ክንፍ ልንገርህ። በ1990 እ.ኤ.አ. በነጭ ሳር ፓርክ የሄዱ አጥኚዎች መንገድ ላይ መኪና የደፈጠጠው ወፍ አገኙ፤ ናይትጃር ከሚባሉት ሌሊት ከሚበሩት ወገን ነው። ሊወሰድ የቻለው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። ያ ክንፍ በሙዚየም ካሉት ጋር ሁሉ ተመሳከረና የማንም ሳይሆን ቀረ፤ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬም እንግሊዝ አገር መሳቢያ ውስጥ አለ። የሚያመሳክሩበት የቆየ ቆዳ በመሳቢያ ባይኖር ኖሮ ያቺ ክንፍ ቆሻሻ ነበረች።

ለገሀር | ረቡዕ፣ ማታ 3፡10

ከእንስሳ ትንሽ ወጣ ብዬ የድሬን ምሳሌ ልጨምር። ከከተማችን በስተደቡብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1929 እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርደንና ደ ሞንፍሬይ ናቸው ለሳይንስ ያስተዋወቁት። በ1970ዎቹ ከተቆፈረው ውስጥ የቀይ አፈር ስብርባሪ ነበረ፤ ተጠርቶ የተቀመጠው አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ መረመሩት፦ 4,213 ቁራጭ፣ 40 ኪሎ ገደማ። የዛሬ 40 ሺህ ዓመት ሰው በዚህ ዋሻ ቀለም እየፈጨ ሲጠቀም እንደነበር የታወቀው ከዚያ ሣጥን ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ንብረት ክፍል «ቀይ አፈር ነው፣ ይደፋ» ብሎ ቢሆን ኖሮስ?

ቆዳ ነጋዴ | ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡50

እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ግን ቆዳ ከአባቴ ጀምሮ ሥራችን ነውና የማውቀውን ልበል። መምህርት፣ ያ ገለባ የተሞላው ቀበሮ ፀጉሩ እየረገፈ ነው? ከሥሩ እንደ አሸዋ ያለ ብናኝና ፀጉራም ትንንሽ የትል ገፈፋ ካየሽ ጥንዚዛ ገብቶበታል። በእኛ መጋዘን ጨው ያልጠገበ ቆዳ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። አንዱ ከተያዘ ወፎቹንም ይጨርሳቸዋል። ብል ሲሆን ደግሞ ላባውን ከሥሩ ነው የሚቆርጠው። ለይተሽ አስቀምጪው። ናፍታሊን አድርጊበት እንዳልልሽ ሽታው ለሕፃናት ጥሩ አይደለም።

ጓዳ ጠባቂ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

የቆዳ ነጋዴው ወንድማችን ያለው በሙሉ ትክክል ነው። ያው ጥንዚዛ በትልልቅ ሙዚየሞች ለብቻው በተዘጋ ክፍል ይረባል፤ የራስ ቅልን ሥጋ ከአጥንቱ ላይ እንደሱ አጥርቶ የሚያነሳ የለም። ከዚያ ክፍል አምልጦ ክምችቱ ውስጥ ከገባ ግን ጥፋት ነው።

መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ነው። ቆዳውን በላስቲክ አሽገሽ፣ አየሩን አውጥተሽ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዪው። ሲወጣ ላስቲኩን ወዲያው አትክፈቺ፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ቆዪ፣ አለዚያ ጤዛ ያርፍበታል። ፍሊት የሚባል ነገር እንዳትነፊበት።

ከሁሉ በላይ ግን ጤናሽ። የድሮ ቆዳ አዘጋጆች ነፍሳት እንዳይበሉት ውስጡን አርሴኒክ ይቀቡት ነበር። አንዳንዱ ሜርኩሪ ያለበት ዱቄት ይነሰንሰዋል። መርዙ ከመቶ ዓመት በኋላም ያው መርዝ ነው። ዓይኑ ዙሪያ፣ ጆሮው ሥርና ስፌቱ ላይ ነጭ ዱቄት ካየሽ እርግጠኛ ሁኚ፤ ካላየሽም አለ ብለሽ ያዢው። ያለ ጓንትና ያለ ማስክ አትንኪ፣ ተማሪም አያስነካ፣ እዚያ ክፍል ምንም አይበላ።

ጠርሙሶቹን በተመለከተ ፈሳሹ ፎርማሊን ይሁን አልኮል ሳታውቂ አትጨምሪ። አሽትተሽ ለማወቅም እንዳትሞክሪ፤ ፎርማሊን ካንሰር የሚያስከትል ነገር ነው። ላቦራቶሪሽ ሚዛንና መለኪያ ሲሊንደር ካለው መስኮቱን ከፍተሽ 100 ሚሊ ሊትር መዝኚ። 70 በመቶ አልኮል ከሆነ 89 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ፎርማሊን ከሆነ ከ100 ግራም ትንሽ ይበልጣል። በመካከል ከሆነ አልኮሉ ተንኖ ውሃው ቀርቷል ማለት ነው፤ አልኮል ከውሃ ፈጥኖ ይተናል፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ደግሞ የበለጠ።

ይህን ደግሞ ለኮሚቴው አስምሪበት። 70 በመቶ አልኮል ከ17 ዲግሪ ጀምሮ እሳት የሚይዝ ተን ያወጣል፤ የድሬዳዋ የቀን ሙቀት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ጠርሙሶቹና ኮምፒውተሮቹ ፈጽሞ አንድ ክፍል መሆን የለባቸውም። በ2018 እ.ኤ.አ. ብራዚል ሪዮ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠል 20 ሚሊዮን ዕቃ ነበረው፤ አብዛኛው በአንድ ሌሊት ጠፋ። ነፍሳቱ ከሞላ ጎደል አለቁ። በአልኮል የተቀመጡት አሳዎችና እባቦች የተረፉት ሌላ ሕንጻ ውስጥ ስለነበሩ ነው።

የቀፊራ ልጅ | ሐሙስ፣ ቀን 6፡20

እንግዲያውስ እኔም ሐሳቤን ለወጥ ላድርግ። ኮምፒውተሮቹ ላቡ ውስጥ ግድግዳውን ተከትለው ቢደረደሩስ? መስመር መዘርጋቱን እኔ በነፃ እሠራለሁ። ጠርሙሶቹ ፀሐይ የማይመታው መጋዘን ይሂዱ። ጓዳዋ ለብቻዋ ለኮምፒውተር ብትሰጥም ሙቀቱ አያሠራም፤ መስኮት የላትም አልሽ መሰለኝ።

የጀጎል ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

እኔን የያዘኝ የጅቡ ራስ ቅል ነው። እኛ ሐረር ጅብ አይገደልም፤ በአሹራ ሌሊት ቅቤ ያለው ገንፎ ይቀርብለታል፣ ገንፎውን እንዴት እንደበላ እየታየ ስለ ዓመቱ ይነገራል። በጀጎል ግንብ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ሲገቡና ሲወጡ እያየን ነው ያደግነው። ታዲያ ያ ራስ ቅል የሐረር ጅብ ይሆን? መታወቅ የሚችል ነገር ነው?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከበድ ያለ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. መጣ። ኤርላንገርና ኖይማን የሚባሉ ጀርመናውያን ሰብሳቢዎች በ1900 በዘይላ በኩል ሐረር ገብተው በሺህ የሚቆጠር ወፍ ይዘው ወደ ጀርመን ሄዱ። አሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው የደጋ አጋዘን እንኳን ስም የተሰጠው በ1910 ለንደን ተቀምጠው ነው፤ በበክስተን፣ በተኳሹ ስም! የአርሲ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ እያየው የኖረ እንስሳ። የእኛ ልጅ የሐረርን ወፍ ለማየት ለምን ቪዛ ይለምናል? እዚህ ያለውን ደግሞ እኛው እየጣልነው ነው።

ጓዳ ጠባቂ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡45

ስለ ጅቡ ልጀምር። ወረቀት ከሌለው ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል። ግን ጥርሱ ዕድሜውን ይናገራል፤ አጥንት የሚሰብሩት ጥርሶች ምን ያህል እንደተበሉ ይታያል። ከአጥንቱ ጥቂት ብናኝ ተወስዶም ሲመገብ የኖረው ምን ዓይነት ግጦሽ የበሉ እንስሳትን እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። የቄራ ጅብና የበረሃ ጅብ በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ።

ስለ ሁለተኛው እውነትህን ነው፤ እኔንም ዕድሜዬን ሙሉ ያቃጠለኝ ነገር ነው። አንድ ወጣት የአገሩን እንስሳ ለማጥናት የአውሮፕላን ቲኬትና ቪዛ የሚያስፈልገው መሆኑ ትክክል አይደለም። ቢያንስ ከአንድ ዝርያ ብዙ ቆዳ ካላቸው ሙዚየሞች ተደራራቢው መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለ መንገድ አለ። ጂቢአይኤፍ በሚባለው ነፃ የመረጃ ቋት ብዙ ሙዚየሞች የናሙናቸውን ዝርዝር አውጥተዋል። የሐረርን ስም በድሮው አጻጻፍ፣ በመካከል በሁለት «አር» ጭምር ፈልግ፤ ከዚህ አካባቢ የሄዱትን ከነተያዙበት ዓመት ታገኛለህ።

የጀጎል ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡58

ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን «እዚያ በደህና ተቀምጧል» የሚለውን ነገር ስሰማ ነው ያደግሁት። እዚያስ መቼ በደህና ተቀመጠ? በ2009 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዙ ትሪንግ ሙዚየም አንድ ሌባ 299 የወፍ ቆዳ በሻንጣ ይዞ ወጥቷል። ላባውን ለዓሣ ማጥመጃ ጌጥ ሊሸጥ! ከብዙዎቹ ላይ ወረቀቱን ቆርጦ ጥሎታል። የተገኙትም ቢሆኑ ያለ ወረቀት ለሳይንስ ምን ይሆናሉ?

ጓዳ ጠባቂ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡05

በዚህ አልከራከርህም። ትክክል ነህ።

ነምበር ዋን | ዓርብ፣ ጠዋት 4፡12

ሰላም፣ እኛ ቤት ከአያቴ የቀረ የነብር ቆዳ ከነጭንቅላቱ አለ። በጣም ቆንጆ ነው። ለትምህርት ቤቱ ወይም ለሙዚየም የሚገዛ ካለ በውስጥ ያናግረኝ።

አወያይ | ዓርብ፣ ጠዋት 4፡30

ወንድሜ፣ እዚህ መድረክ ላይ የዱር እንስሳ ውጤት መሸጥም መግዛትም አይቻልም። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ መያዙም ያስጠይቃል፤ ነብር ደግሞ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይትስ ስምምነት የተከለከለ ነው። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቅ፤ ቆዳው ለትምህርት ይውል ዘንድ የሚደረገውን እነሱ ይነግሩሃል። አያትህ የት አካባቢ እንዳገኙት የሚያስታውስ ዘመድ ካለ ግን አሁኑኑ ጠይቀህ ጻፍ።

መምህርት፣ ይህ አንቺንም ይመለከታል። በደብዳቤሽ ላይ ናሙናዎቹ ለሽያጭም ሆነ ለግለሰብ ስጦታ እንደማይውሉ ይግባበት።

መምህርት ከሳቢያን | ቅዳሜ፣ ማታ 1፡10

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደብዳቤው ረቂቅ ይኸው፤ ከመግቢያው ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው።

«...ናሙናዎቹ ቦታና ቀን የተመዘገበባቸው በመሆናቸው ሊተኩ አይችሉም። በተለይ ከዓለማያ ሐይቅ የተወሰዱት እንቁራሪቶች ሐይቁ ከመድረቁ በፊት የነበረውን ሕይወት የሚያሳዩ ናቸው። ስለሆነም (ሀ) ከሚወገደው ንብረት ዝርዝር እንዲወጡ፣ (ለ) በፈሳሽ ያሉት ከላቡና ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ በሚገኘው የሰሜን መጋዘን እንዲቀመጡ፣ (ሐ) ኮምፒውተሮቹ በላቡ ግድግዳ ዙሪያ እንዲተከሉ፣ (መ) ናሙናዎቹ አንድ በአንድ በመዝገብ እስኪሰፍሩ ጓዳዋ እንድትታሸግ፣ (ሠ) ማንኛቸውም ለሽያጭም ሆነ ለግለሰብ እንዳይሰጡ...»

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «ሚያዝያ 59» የሚለው 1959 በእኛ ነው በፈረንጅ? ያኔ የውጭ አገር መምህራንም ነበሩ ይላሉ። መዝገቡ ላይ ወደ አንድ አቆጣጠር ልለውጠው ወይ?

ጓዳ ጠባቂ | ቅዳሜ፣ ማታ 1፡55

አትለውጪ! በፍጹም። መዝገቡ ላይ ወረቀቱ እንዳለ፣ ስህተት ቢመስልሽም ፊደል ሳትጨምሪና ሳትቀንሺ ይገልበጥ። ያንቺ ግምት በሌላ ዓምድ፣ ግምት መሆኑ ተጽፎ ይግባ። የወሩ ስም ሚያዝያ ከሆነ የእኛ አቆጣጠር መሆኑ ያጋድላል፤ ያኔ በፈረንጅ 1967 ነው። ሁለቱን ዓመቶች ብታምታቺ ወፏ ስምንት ዓመት ትሳሳታለች፤ ዝናብ የጠፋበትን ዓመት ዝናብ ከጣለበት ጋር ሊያደባልቅ ይችላል።

አዲሱን ወረቀት በእርሳስ ጻፊ፤ እርሳስ በአልኮል አይለቅም፣ እስክሪብቶ ይለቃል፤ ያ ሰማያዊ ቀለም የደረሰበትን አይተሻል። የድሮውን ወረቀት አትጣይ፣ አብሮ ይታሰር። ቁጥር ብቻ ላላቸው ጠርሙሶች የንብረት ክፍሉን የድሮ ሞዴል 19 ጥራዞች ጠይቂ፤ ዕቃ ገቢ ሲደረግ ቁጥሩ ከነመግለጫው እዚያ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ጥሩ ነው። (መ)ን ግን ወደ መጀመሪያ አምጪው፤ ኮሚቴ ሌላውን ሲከራከር ጓዳዋ ተከፍታ እንዳትቆይ። ዝርያቸውን ለማረጋገጥ ደግሞ አራት ኪሎ ላለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ሙዚየም ፎቶና የወረቀቶቹን ቅጂ ላኪ።

ሐኪም ከሐረማያ | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡20

ጓንት፣ ማስክና አንድ ሳጥን እርሳስና ወረቀት ከእኔ። እንቁራሪቶቹን ለመለየት የሚችል የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ግን ጠርሙሱ ከትምህርት ቤቱ አይውጣ፣ እሱ ይምጣ።

ቆዳ ነጋዴ | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡41

ፍሪዘር እኔ ጋ አለ። ቀበሮውን ያለ ሥጋ ለብቻው የምናስቀምጥበት አንድ ባዶ አለ። መኪናም እልካለሁ፤ መውጫ ወረቀቱን ብቻ በሞዴል 22 አሠሪ፣ ዘበኛ እንዳያስቸግር።

መምህርት ከሳቢያን | ሰኞ፣ ቀን 9፡05

ኮሚቴው ዛሬ ጠዋት ተሰብስቦ ጓዳዋን አሽጓል፤ ማኅተሙ ላይ የኔም ፊርማ አለ። ከዝርዝሩ የማውጣቱን ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳድረውታል፤ ከዚያ በፊት መዝገቡን አያይዤ እንዳቀርብ ተጠይቄያለሁ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ የድሮ ሞዴል 19 ጥራዞችን ከፍተውልኛል፤ «41» የሚለው ጠርሙስ «እባብ፣ 1 ጠርሙስ፣ ከመልካ ጀብዱ» ተብሎ ገቢ ሆኗል። የቀሩትን ቁጥሮች ነገ ከትምህርት በኋላ እቀጥላለሁ። የቀፊራው ወንድማችን ሐሙስ መጥቶ የግድግዳውን ልክ ቢወስድ ርዕሰ መምህሩ ይጠብቁታል።